ትኩሳት የያዘው ጣሪያ

እናቴ ሰውን «አንቱ» የምትለው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ስታከብረው፣ አንድም ገና ስትመረምረው። ባሌን ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ አንቱ ትለው ነበር። በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ግን እሱም እኔም አናውቅም። «ይግቡ» ትለዋለች፤ ይገባል። «ይቀመጡ» ትለዋለች፤ ጉልበቱን ገጥሞ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ምነው፣ አልበሉም እኮ» ስትለው ሆዱ እየጮኸ «ጠግቤያለሁ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ቤታችን ስንደርስ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ድስቱን ይከፍታል።

ባሌ የፀሐይ ፓነል ገጣሚ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይውላል። ከፍታ አይፈራም፣ ኤሌክትሪክ አይፈራም፣ ሥራ ሰጪ ሲጮህበት እንኳ ፈገግ ብሎ ያሳልፈዋል። እናቴን ግን ይፈራታል። ፍርሃት ብቻ ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ፣ የእሷን ፍቅር ከማንም ፍቅር አብልጦ ይመኘው ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ነው የሞተችበት። «አንቱ ስትለኝ» አለኝ አንድ ቀን፣ «በሩን ከፍታልኝ መጋረጃውን የዘጋችብኝ ይመስለኛል።»

የእናቴ ሥራ በረዶ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከእኛ ጋር ኑሪ ብንላት «የራሴን በር ራሴ ልክፈት፣ ራሴ ልዝጋ» ብላ አሻፈረኝ አለች። ከዚያም ሳሎኗ ጥግ አንድ ትልቅ ተጋዳሚ ፍሪዘር አስቀመጠች። ውኃ በላስቲክ ከረጢትና በቆርቆሮ ሳህን እያቀዘቀዘች ለአሳ ሻጮችና ለጭማቂ ቤቶች ትሸጣለች። ትኩሳት ለያዘው፣ እግሩ ለተወለመጠ፣ ልጁ ወድቆ ግንባሩ ላበጠበት ሰው ግን በነፃ ትሰጣለች። የሰፈሩ ሰው «እትዬ በረዶ» ይላታል። ስሟና ጠባይዋ አይተዋወቁም፤ እናቴ ቱግ ለማለት ክብሪት አያስፈልጋትም።

መብራት በዚያ ሰፈር እንደ ችኩል እንግዳ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል። በሄደ ቁጥር በረዶው ይቀልጥና ሳሎኑ ኩሬ ይሆናል። አንድ ቀን እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውኃውን ስትጠርግ ባሌ አያትና፣ ያለ የሌለ ድፍረቱን አሰባስቦ «እትዬ፣ እኔ ፓነል ልግጠምልዎት» አላት።

እናቴ መጥረጊያዋን ተደግፋ አሰበች።

«ይግጠሙልኝ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ሰው ቤት ላይ እንዳየሁት በብረት እግር ሽቅብ እንዳያቆሙብኝ። እትዬ በረዶ አልጋዋን ጣሪያ ላይ አወጣች ይለኛል ጎረቤቱ። ቆርቆሮው ላይ ልጥፍ አድርገው ያስተኙልኝ።»

ባሌ ጣሪያውን አየ። እኔን አየኝ።

«እሺ እትዬ» አለ።

ልጥፍ አድርጎ አስተኛው። ሲጨርስ ከመንገድ ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ፓነል መኖሩንም አያውቅም፤ ከቆርቆሮው ጋር አንድ ሆኗል። የፓነሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ሳጥን፣ ኢንቨርተሩን፣ ከባትሪው በላይ ከጣሪያው ሥር ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ያኔ ወቅቱ ብርዳማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ፍሪዘሩ እንደጠገበ ድመት እያንኮራፋ ይውላል፣ በረዶው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እናቴ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «ባልሽ እጃቸው ወርቅ ነው» አለችኝ። ለእሱ ግን ያለችው «ይባረኩ» ብቻ ነው። እሱ ለዚያች «ይባረኩ» ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ከዚያ ሙቀቱ ገባ።

የዚያ ዓመት ሙቀት ሌላ ነበር። የመንገዱ አስፋልት ጫማ ይይዛል። ውሾች መኪና ሥር ገብተው ምላሳቸውን አውጥተው ይውላሉ። እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ እየመጣ የራስ ምታት ኪኒንና የሚበጠበጥ ጨው ይጠይቀኛል። በረዶ የሚፈለግበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። አሳ ሻጮቹ ሳፋቸውን ይዘው እናቴ በር ላይ ተራ ይይዛሉ። ልክ በዚያ ጊዜ ነው እንግዲህ ፍሪዘሩ መለገም የጀመረው።

ጠዋት ደህና ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ ከዚያ ጭራሹን ይጠፋል። ፍሪዘሩም ዝም። ወደ ማምሻው ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተመልሶ ይነሳል።

እናቴ ደወለችልኝ። «ባልሽን እንዳታስቸግሪያቸው» ብላ ጀመረች፤ አስቸግሪያቸው ማለቷ ነው። «ግን ይኼ ነገር አልገባኝም። ፀሐይ ሳትጠና ይሠራል፣ ፀሐይ ስትጠና ይለግማል። ቀለቡ ሲበዛለት እንዴት ይራባል?»

ባሌ ሄደ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓነሉን አጠበ፣ ለካ፣ ወረደ። «አቧራ ነው እትዬ» አላት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ያው ሆነ። እንደገና ሄደ፤ ገመዱን ሁሉ ፈትቶ አሰረ። «ገመዱ ላልቶ ነው» አላት። እናቴም «እንደተመቸዎት» አለችው። እንደተመቸዎት በእናቴ አፍ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ልጆቿ ነን፤ ከእሱስ ስድብ ይሻላል።

የዚያን ቀን ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ድንች ይልጣል። ከድንቹ ይልቅ ልጣጩ ወፍሯል።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። «አቧራም ገመድም አይደለም፣ አይደል?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «አቧራ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ፓነሉ ምንም አልሆነም። ሞቆታል።»

«ፀሐይ የሚበላ ነገር እንዴት ይሞቀዋል?»

«የሚበላው ብርሃኑን ነው እንጂ ሙቀቱን አይደለም። ሰው ሁሉ አንድ ይመስለዋል።» ድንቹን ትቶ በእጁ ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ እጁ አያርፍም። «መጽሐፍ ለማንበብ ብርሃን ያስፈልግሻል። እሺ። ታዲያ ብርሃን እንዲሆንሽ ብዬ ምድጃ አፍ ላይ ባስቀምጥሽ ታነቢያለሽ? ብርሃኑ ሞልቷል፤ አንቺ ግን ላብሽን ስትጠርጊ ገጹ ያመልጥሻል። ፓነልም እንደዚያ ነው። ፋብሪካ ሲለኩት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ነው የሚለኩት። የእናትሽ ቆርቆሮ ላይ ግን እጅ አያስነካም። በጋለ ቁጥር ከሚሰጠው ላይ ትንሽ ትንሽ እየተሸረፈ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ከሚሰጠው አንድ አምስተኛው ያህል የለም።»

«አንድ አምስተኛ ጎደለ ተብሎ ፍሪዘር ይቆማል?»

«ፍሪዘሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው ብዙ የሚፈልገው። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ነው፣ ክዳኑን አሥሩ ሰው ይከፍተዋል። ከላይ የሚሰጠው ሲቀንስ ከታች የሚጠይቀው ይጨምራል። መሀል ላይ ባትሪው ይደክማል። ኢንቨርተሩም ራሱ ከቆርቆሮው ሥር ተሰቅሎ ይቀቀላል። እንዴት ይችለዋል።»

«ታዲያ መላ የለውም?»

«አለው። ከቆርቆሮው ክንድ ያህል ከፍ ቢል ከሥሩ ነፋስ ይገባል። ነፋስ ከገባለት ይበርዳል። ማንኛውም ገጣሚ የሚያውቀው ነገር ነው።»

ሁለታችንም ያንን «እሺ እትዬ» አስታወስን።

«እያወቅህ ነው?» አልኩት።

«እያወቅሁ ነው።» ጆሮው ቀላ። «ምን ልበላቸው? እናትሽን፣ እዚያ ሳሎናቸው መሀል፣ ተሳስተዋል ልበላቸው? ብርድ ነበር፣ ይሠራል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አሁን ደግሞ እርስዎ ባሉኝ ምክንያት ነው ብል፣ ጥፋቱን እሳቸው ላይ ማላከክ ይሆንብኛል። የሥራ ጥፋት የሠሪው ነው። እንዳትነግሪያቸው።»

ሳየው ሳቄም መጣ፣ አንጀቴንም በላኝ። የእናቴን ጣሪያ ያጋለው ፀሐይ ብቻ አልነበረም፤ ይሉኝታም ነበረበት። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተከባብረው ተከባብረው አንድ ፍሪዘር ገደሉ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ስትደውል ግማሹን ብቻ ነገርኳት። «ፓነሉ አልተበላሸም። ሙቀት በዝቶበት ነው። እሱ መላ ይፈልግለታል» አልኳት።

«ሙቀት በዝቶበት?» አለች። «ትኩሳት ነዋ።»

«እንደዚያ በይው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የሆነውን በኋላ ከእናቴም ከጎረቤትም ሰብስቤ ነው የምነግራችሁ። እናቴ ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው ትኩሳት በያዘን ቁጥር በረዶ ውኃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ግንባራችን ላይ እያደረገች ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አንሶላዎቿን አውጥታ ከፍሪዘሩ በቀዳችው ውኃ ነከረቻቸው፣ ጨመቀቻቸው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለቻቸው። ጎረቤቷ የሆነው ቀለም ቀቢ መሰላሉን ግቢው ውስጥ አጋድሞት ወጥቶ ነበር። ጎትታ አመጣችና ግድግዳዋ ላይ አስደግፋ ወጣች። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ከእኔ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ናት፣ ልብ በሉ።

ፓነሎቹን አንድ በአንድ አለበሰቻቸው። ጠርዙን ሳይቀር ጠቀጠቀችላቸው። ልክ የመጨረሻውን ስትሸፍን ታች ኢንቨርተሩ አንድ ረጅም ጢጥ ብሎ ጠፋ፤ ፍሪዘሩም ተከተለው። እሷ አልሰማችም። ቆርቆሮው በሙቀት ጧ ጧ ይላል።

ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው ለሥራ መሰላሉን ፈልጎ መጣ። የእናቴ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አየው። እትዬ በረዶ ለሆነ ነገር ፈልገውት፣ ጨርሰው ትተውታል ብሎ አሰበ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

እናቴ ልትወርድ ዞር ስትል የሚያወርዳት የለም። ተጣራች። በዚያ ሙቀት ማን መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቷል። ጥላ ፍለጋ ስትራመድ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ እግሯ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ዘላ ከአንዱ ፓነል ላይ አንሶላ ገፈፈችና አጣጥፋ ተቀመጠችበት፤ ሌላውን ራሷ ላይ ጣለች።

ያገኘቻት አሳ ሻጯ ናት። በረዶ ልትገዛ ሳፋዋን ይዛ ገባች፤ ሳሎኑ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። «እትዬ» ብላ ጠራች።

«አለሁ» አለ ድምፅ።

«የት ነው ያሉት?»

«ላይ።»

አሳ ሻጯ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እትዬ በረዶ ሞታ ከሰማይ የምትጣራ ነው የመሰላት። ግቢ ወጥታ ቀና ስትል፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ አንሶላ የተከናነበች ሴት ቁልቁል ታያታለች። ያም ቢሆን አላጽናናትም። ነፍሷ መለስ ሲልላት ነው የደወለችልኝ።

እኔ ለባሌ ደወልኩ። «እናቴ ጣሪያ ላይ ናት፣ መሰላል የላትም» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከመድኃኒት ቤቱ ሮጬ ስደርስ የሥራ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፣ እሱ መሰላሉን እያስደገፈ ነው። የውኃ ኮዳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። እኔ መሰላሉን ከታች ያዝኩ።

መጀመሪያ ውኃ አጠጣት። መጠጣቷን ሰማሁ። ከዚያ፣ በትዳር ዘመኔ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣ።

«ምን ሆነው ነው እዚህ የወጡት?» አለ። «ቢወድቁስ? ራስዎን ቢስቱስ? ይኼ ቆርቆሮ ሥጋ ይጠብሳል፣ ማን ያይዎታል፣ ማን ይሰማዎታል? አንድ ስልክ መደወል ምን ገደለዎት? እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት? ልጅዎትን ምን ልላት ነበር? እኔ ራሴስ ምን ልሆን ነበር?»

ለእናቴ እንዲህ ያለ ብዙ ቃል ባንዴ ተናግሯት አያውቅም። እኔ መሰላሉንም ትንፋሼንም ይዣለሁ። እናቴን ተቆጥቶ በሰላም ያለፈ ሰው አላውቅም።

«አትቆጣኝ» አለች እናቴ።

አይቆጡኝ አላለችም። አትቆጣኝ ነው ያለችው፣ በትንሽ ድምፅ፣ ለእኔና ለወንድሞቼ በምትናገርበት አፍ። የባሌ ጀርባ ብቻ ይታየኛል፤ ኮዳውን መልሶ ዘረጋላት።

«ትኩሳት ይዞታል ብላኝ ነው» ቀጠለች። «ጨርቅ አመጣሁለት። አንተን ላለማስቸገር።»

ባሌ በአንሶላ የተሸፈኑትን ፓነሎች አየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቀ ነው።

«እትዬ፣ እንዲህ ከሸፈኑትማ ጭራሹን ታወረ።»

«ዓይን አለው እንዴ?»

«ሁለመናው ዓይን ነው።»

«ውይ» አለች እናቴ። «እኔ ግንባሩ መስሎኝ።»

«ውረዱና ታች ተነጋገሩ» አልኩ እኔ ከታች።

«ቆይ አንቺ» አሉኝ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ባሌ አንሶላዎቹን መግፈፍ ጀመረ። እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን ከአንዱ ፓነል ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞከረች። ጣቷ እንኳ አልገባላትም።

«ይኼ ነገር ከሥሩ መተንፈሻ የለውም እኮ» አለች።

«የለውም።»

«ሰውም ቢሆን እንዲህ ቆርቆሮ ላይ አጣብቀው ቢያስተኙት ይታመማል። ማነው እንዲህ ያስተኛው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ።

እናቴ እጇን መለሰች። ነገሩ ሲመጣላት ከታች ሆኜ እንኳ ታወቀኝ።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ልጥፍ አድርገው ብዬህ። ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«ለእርስዎ ሲሆን ይጠፋብኛል።»

ይኼኔ እናቴ ሳቀች። ከአባቴ ሞት በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር፤ ቆርቆሮው ራሱ አስተጋባ።

እግሯ ስለተቃጠለ ባሌ ጫማውን አውልቆ አደረገላት። ትልቅ የሥራ ጫማ ነው፤ ክሩን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠምጥሞ አሰረው። እሷን ከፊቱ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ደረጃ እየነገራት፣ አወረዳት። እሱ በካልሲ ስለነበር የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ቆርቆሮው ላይ እንደ ዶሮ እየዘለለ ነው መሰላሉ ጋ የደረሰው። ሳሎን አስገብተን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ባሌ ፍሪዘሩን ከፍቶ ከመቅለጥ የተረፈውን በረዶ በፎጣ ጠቀለለና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እግሯን ያዘ። ቃጠሎ ላይ በረዶ አይደረግም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው ብዬ አረምኩት፤ ሳፋ አመጣ፣ ውኃ ሞላ፣ እግሯን ነከረ፣ በረዶውን አንገቷ ላይ አደረገው። እናቴ እግሯን አልሰበሰበችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ በሞቴ፣ ይነሱ» ብላ ቤቱን ታናጋው ነበር።

«ስማኝ» አለችው፣ ጸጉሩን ከላይ እያየች። «ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ተሳስተሻል በለኝ። ተሳስተዋልም ብትል ግድ የለኝም፣ ብቻ በለኝ። አማችነትህን ለድግስ ቀን አስቀምጠው። እዚህ ቤት ልጅ ነህ።»

ባሌ ውኃውን በእጁ እየቀዳ እግሯ ላይ ያፈስ ነበር፤ ቀና አላለም። «እሺ እትዬ» ብቻ አለ። ይኼኛው እሺ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

በር ላይ የቆመችው አሳ ሻጭ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ «ታዲያ በረዶ አለ ወይስ ሁሉም እትዬ አንገት ላይ ነው?»

ባሌ ሥራ በማይገባበት ቀን መኪና ሙሉ የብረት እግር በይዶ ይዞ መጣ። ፓነሎቹን ፈትቶ ከቆርቆሮው ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ተከላቸው። ኢንቨርተሩን ከጣሪያው ሥር አውርዶ ፀሐይ የማታገኘው ጀርባ ግድግዳ ላይ አሰረው። ፍሪዘሩንም ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገው፣ እሱም ከኋላው ይተንፍስ ብሎ። ቀለም ቀቢው ጎረቤት መሰላሉን በመውሰዱ ከመጸጸቱ የተነሳ ያን ሰሞን እናቴን ባየ ቁጥር ይሰግድ ነበር። የተረፈ ነጭ ቀለም ይዞ መጣና ቆርቆሮውን ሁሉ ራሱ ቀባው፤ ነጭ ጣሪያ ሙቀት ይመልሳል ብሎታል ባሌ።

እናቴ ግቢው መሀል ወንበር አውጥታ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ታዛለች። «ወደ ግራ» ትላለች። «ትንሽ ወደ ግራ። እዚያ ላይ ጥሩ ፀሐይ አለ።»

ባሌ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ወደ ግራ ያለው የጎረቤት ዛፍ ነው፤ ወደ ማታ ጥላው እዚያ ይወድቃል። ከዚያ ቁልቁል አያትና «ተሳስተዋል እትዬ» አለ።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እንዴ» አለች እናቴ፣ «ታዲያ ወደ ቀኝ አድርገዋ። ማን ያዘህ?»

ባሌ ፊቱን አዞረ። ጀርባውን ሰጥቶን ብሎን ሲያጠብቅ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ቀለም ቀቢው ነገሩን ለማለሳለስ ብሎ «እትዬ፣ አልጋ ጣሪያ ላይ ያወጡ ይመስላል» አላት። እናቴም «አዎ፣ ነፋስ ይተኛበታል። ምን ይሁን?» ብላ አፉን አስያዘችው።

ሙቀቱ በዚህ አልሸሸም። ባሌም አልዋሻትም፤ ሐሩር በሆነ ቀን ፀሐይ ስትበረታ ፓነሉ አሁንም ትንሽ እንደሚደክም፣ ሙቀት ድርሻውን ሳይወስድ እንደማይቀር ነገራት። ኢንቨርተሩ ግን ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ አልጠፋም። ጠዋት፣ ብርሃኑ ሞልቶ አየሩ ገና ሳይግል፣ ፓነሉ በጣም የሚሠራበት ሰዓት ስለሆነ አዲሱን ውኃ ያኔ እንድታስገባ፣ ቀትር ላይ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ እንዳታስከፍት መከራት። ይኼን ምክር እናቴ ሕግ አደረገችው። አሳ ሻጮቹ አሁን በጠዋት ነው የሚሰለፉት። ቀትር ላይ የፍሪዘሩን ክዳን የነካ ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ ያውቃል።

ባሌ አሁን በየቀኑ ይሰደባል። «ዛሬ ዝርክርክ አለችኝ» ይለኛል ማታ ሲገባ፣ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ፊቱ በርቶ። «የሥራ ልብሴን አስወልቃ አጠበችው። ምሳ ጨርስ ብላ ቆማብኝ ነበር።» ድስት የሚከፍትበት ሆድ የለውም።

ባለፈው፣ ከሙቀቱ ሁሉ የከፋ ሙቀት በነበረ ቀን፣ እናቴ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣች። ቁራጭ በረዶ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላስቲክ አስራ ይዛለች። ባሌ ከእኛ ጀርባ ባለው የትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ፓነል እየገጠመ መሆኑን ሰምታለች።

«ለልጁ ስጪው» አለችኝ። «አንገቱ ላይ ያድርገው። እንዳይበላው ንገሪው፣ ጉሮሮውን ያመዋል።»

ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ ወሰድኩለት። ጣሪያው ጫፍ ላይ መጥቶ በገመድ ሳበው። ከእናቴ መሆኑን ነገርኩት፤ አንገቱ ላይ እንዲያደርገው፣ እንዳይበላው ማለቷንም ነገርኩት። ጨርቁን ፈታ፣ ከጠርዙ አንድ ጉራጅ ሰበረና አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጉንጩ አብጦ፣ እግሩን ቁልቁል አንጠልጥሎ፣ እያየኝ ያኝከው ጀመር።

«እነግራታለሁ» አልኩት።

«ንገሪያት» አለ፣ አፉ ሞልቶ። «ትቆጣኝ።»